የበጋ ታሪክና የክረምት ቤት

ስለ ሐይቅና ስለ አምባሰል የተጻፈውን ታሪክ ሰብስቦ ወሩን እየለየ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አያልፍም። ታላላቅ የሚባሉት ድርጊቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የተፈጸሙት ወይ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ወይ ደግሞ ሳይገባ። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ሐይቅ እስጢፋኖስ ዳርቻ የደረሰው በ1524 ዓ.ም.፣ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ከደረቀ በኋላ ነው። በዐፄ ምኒልክና በኢጣሊያው መልእክተኛ በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ያው ውል ጦር ባማዘዘ ጊዜ የክተት አዋጁ የወሎን ምድር መሰብሰቢያ አድርጎ ሠራዊቱን ለጥቅምት 1888 ዓ.ም. ወረኢሉ ላይ ቀጠረው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል የሆኑት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። የማይጨው ጦርነት የተካሄደው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር ደሴን የያዘው ደግሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን ነው።

ሐምሌስ? ነሐሴስ? በእነዚህ ወራት አገሩ ምን ይሠራ ነበር?

ነገሩ ምስጢር የለውም። ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል፣ ጭቃው በቅሎ ይይዛል፣ ነጋዴው ጭነቱን አውርዶ ይቀመጣል። የጥንቱ ወታደር ራሱ ገበሬ ስለ ነበር በሐምሌ ከሞፈሩ ከተለየ በጥቅምት የሚያጭደው አይኖረውም። ስለዚህ ንጉሡም በከተማው ይከርማል፤ ገበሬውም በጎጆው ይከርማል። «መክረም» የሚለው ግሣችንና «ክረምት» የሚለው ስም ሥራቸው አንድ ነው። ተለያይተን ስንገናኝ «እንዴት ከረማችሁ?» እንባባላለን። ቃሉን ከሥሩ ለሚያይ ሰው ጥያቄው «ያን የዝናብ ወቅት እንዴት አለፋችሁት? ቤቱ ደኅና ነው ወይ?» እንደ ማለት ነው።

እኔ ለመናገር የፈለግሁት ስለዚህ ቤት ነው። የነገሥታቱ ታሪክ የበጋ ታሪክ ከሆነ የቤተሰብ ታሪክ የክረምት ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ተጽፏል፤ ሁለተኛው ግን በአያቶቻችን አፍ ላይ ቀርቷል።

ነፍሰ ጡሯና ውኃው

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ከተኛው ውኃ ነው። ውኃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ወንዝና የየጋራው ጎርፍ ይገቡበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የተቀበለውን አይመልስም። ከሐይቅ አልፎ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ የአምባሰል ወረዳ ይጀምራል፤ ከተማው ውጫሌ ነው። አምባሰል ከአራቱ የታወቁ የዜማ ቅኝቶቻችን ለአንደኛው ስሙን የሰጠ አገር ነው። ማሪቱ ለገሰ ስታዜመው የሰማ ሰው ተራራውን ባያየውም ያየው ያህል ይሰማዋል።

ስለ ገዳሙ ብዙ ተብሏል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ መጥተው በደሴቱ ላይ ታላቅ ትምህርት ቤት አቆሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእርሳቸው እግር ሥር ተምረዋል። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ባለ ሥልጣናት ተርታ ይቆም ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቁንና ደሴቱን አይቶ ስለ ገዳሙ፣ ስለ ሎሚውና ስለ ትርንጎው፣ መነኮሳቱ ስለሚሻገሩባት ከውኃ ዳር ሣር ስለ ተሠራች ታንኳ ጽፏል። የኢማም አሕመድ ሠራዊት በመጣ ጊዜ መነኮሳቱ የገዳሙን ሀብት አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን ከእሳት አዳኑ። ከዚያ ወዲህ ውኃው እየሸሸ ሄዶ ደሴቱ ዛሬ ከየብስ ተያይዟል፤ በእግር ይገባል።

የአገሩን ሰው «ይህ ሐይቅ ከየት መጣ?» ብለው ቢጠይቁት ግን ከአባ ኢየሱስ ሞዓም፣ ከነገሥታቱም አይጀምርም። የሚጀምረው ከአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነው። ሴትዮዋን አንዲት ልዕልት በደለቻት። እግዚአብሔር በዚህ ግፍ ተቆጣ፤ ሴትዮዋ ከተቀመጠችባት ቁራሽ መሬት በቀር ዙሪያውን በሙሉ ወደ ውኃ ለወጠው። ልዕልቲቱ ከነወዳጅ ዘመዷ ሰጠመች። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ደሴት ሆነች።

አንባቢ ልብ ይበል። ይህ ተረት የጦር ሜዳም፣ የዘውድም ወሬ አይደለም። የጎረቤት በደል፣ የእርግዝና፣ የመሬት ላይ መቀመጥ ወሬ ነው። የሐይቅ ሰው የአገሩን አፈጣጠር ሲያስብ መጀመሪያ የመጣለት የቤት ጉዳይ ነው። ገዳሙ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ዛሬ በዚያች ሥፍራ ሴት አትገባም። ቦታዋን ግን በተረቱ ውስጥ ማንም አልወሰደባትም። ተረቱንም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያሻግሩ የኖሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ በክረምት፣ ከምድጃ ዳር።

እሸት፣ ገሳና ገበጣ

የእናቴ አገር ሐይቅ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ሲዘጋ እኔና ታናሽ እኅቴ ከአዲስ አበባ ወደ አያታችን እንላክ ነበር። ጣርማ በርን አልፈን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት ቀምሰን፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን ተሻግረን ደሴ ስንደርስ ብርዱ ይቀበለናል። ከዚያ ቁልቁል ወርደን ሐይቁ ከሩቅ ሲታየን ዓመቱን ሙሉ የጠበቅነው ነገር ተጀመረ ማለት ነው።

ይህ «ነገር» ምን እንደ ነበር ለከተማ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ትንሽ ነው። በነሐሴ የበቆሎ እሸት ፍም ላይ ሲገላበጥ የሚሰማው የመንጣጣት ድምፅ ነው። በረዶ ሲዘንብ ጣሳ ይዞ ወጥቶ ለቅሞ መብላት ነው። ጎርፍ በሠራው ቦይ ላይ በጭቃና በድንጋይ ግድብ ሠርቶ፣ የላይኛው ሰፈር ልጆች ግድብ ከታችኛው ቀድሞ ሲናድ መጮህ ነው። ከብት ጠባቂዎቹ ዝናብ ሲመጣ ገሳቸውን ደፍተው፣ ቁጢጥ ብለው፣ ከሩቅ ሲታዩ የሣር ክምር መስለው ይቀመጣሉ። ገሳ የሌለው ልጅ ገሳ ካለው ጋር ይጠለላል። ከዚያ የሚመጣው ወዳጅነት ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። በክረምት የተዋወቅኋቸው የገሳ ጓደኞቼ ዛሬም ሲደውሉልኝ ሥራዬን ከመጠየቃቸው በፊት ዝናቡን ይጠይቁኛል።

አዋቂዎቹም የየራሳቸው ነገር ነበራቸው። ወንዶቹ በሐምሌ ጤፍ ለመዝራት፣ በነሐሴ ለአረም በወንፈልና በደቦ ይጠራራሉ። የደቦ ቀን ሥራ ይሁን ድግስ መለየት ያስቸግራል። ሴቶቹ ባዘቶውን በደጋን ነድፈው እንዝርት ያሾራሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ልጃገረዶቹ ስንደዶና አክርማ ለመንቀል ሜዳ ይወርዳሉ። ያ ሣር ደርቆ፣ ቀለም ገብቶ፣ ሰፌድና ሞሰብ ሆኖ በሰርጋቸው ቀን ከጥሎሻቸው ጎን ይቀመጣል። ሰርግ በክረምት የለም፤ የሰርግ ዕቃ ግን የሚጀመረው በክረምት ነው። የትኛዋ ልጅ እጇ ቀና እንደሆነ፣ የማን ልጅ ለማን እንደምትሆን የሚታየውና የሚታማው በዚያ ሜዳ ላይ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ኋላ፣ መንገድ ሲደርቅ ነው።

ዝናቡ ከቤት ሲያስቀምጠን ገበጣ እንጫወታለን። ሲመሽ እንቆቅልሽ ይመጣል፤ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ወረኢሉንም፣ ባቲንም፣ መርሳንም ሰጥቼ ጨርሼ ነበር። መልክዐ ምድር የተማርኩት በእንቆቅልሽ ተሸንፌ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ቡና ይቆላል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪደርስ ድረስ የጎረቤት ሴቶች «ጀባ» እየተባባሉ የመንደሩን ልደት፣ ሕመም፣ እርቅና ኩርፊያ ይዘረዝራሉ። ዛሬ ጋዜጠኛ ነኝ ባይ ሆኜ የሰዎችን ቃል ስሰበስብ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ከማን እንደሰማ፣ ራሱ አይቶ እንደሆነ ለይቶ የመናገርን ልማድ በመጀመሪያ የሰማሁት ከዲፕሎማ መምህሮቼ አልነበረም። ከዚያ ረከቦት ዙሪያ ነው።

ከአምባሰል አምባዎች በአንዱ ላይ ግን ሌላ ዓይነት ቤት ነበር። ግሸን ማርያም የምትገኝበት አምባ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ምእመናን የሚወጡበት ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ዙፋን እንዳይሻሙ ተብሎ የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች ታስረው የሚኖሩበት ሥፍራ ነበር። ወሬው ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ደረሰ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመውና ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት «ራስላስ» የተሰኘው መጽሐፍ ከዚህ ወሬ የፈለቀ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ልዑሉ በአማራ ምድር በተራሮች ተከቦ ይኖራል፤ ዘፈን፣ ምግብ፣ ጨዋታ፣ የሚያምረው ሁሉ ይቀርብለታል። ሆኖም ይሰለቻል። ደስታን ፍለጋም ያመልጣል።

ይህን መጽሐፍ ባነበብሁ ጊዜ ያሰብሁት ጆንሰን ስለማያውቃቸው ሰዎች ነው፤ ከአምባው ግርጌ ስለሚኖሩት። ለእነርሱ የሚያምራቸው ሁሉ ቀርቦላቸው አያውቅም። እሸቱ በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ለጥቂት ሳምንት ይቆያል፤ ያልፋል። የሚጣፍጠውም ስለሚያልፍ ይመስለኛል።

ሁለት ጾም በአንድ ግቢ

ስለ ወሎ ሰው መቻቻል ብዙ ስለተወራ ነገሩ የሰለቸው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ መቻቻል የሚለውን ቃል ብዙም አልወደውም፤ የሚቻል ሸክም እንጂ ጎረቤት አይደለም። በአያቴ ግቢ የነበረው ሌላ ነው። አያቴ ክርስቲያን ናት፤ የአያቴ አባት ግን ሙስሊም ነበሩ። በአጥሩ ወዲያ ያሉት ቤተሰቦች ሙስሊሞች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የክርስቲያን አያት ያላቸው አሉ። ድግስ ሲሆን ለጎረቤት እንግዳ ሌላ በግ በጎረቤት እጅ ይታረዳል፤ ድስቱም ማማሰያውም ይለያል። ይህን ማንም እንደ ችግር አይቆጥረውም። ሁለት ድስት መጣድ የደጋሹ ግዴታ ነው፤ አለቀ።

በክረምት ወንዶች ልጆች ለቡሄ ጅራፍ የሚገምዱት ገና በሐምሌ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ሲደርስ ጅራፉ ከኮረብታ ኮረብታ ይጮኻል፤ ማታ ችቦ ይበራል፤ በየደጁ ሙልሙል ይሰጣል። ሙልሙሉን ለመቀበል የሚዞረው መንጋ ውስጥ ስንቱ አሕመድ፣ ስንቱ ተክሌ እንደ ነበረ የቆጠረ የለም። በአጥሩ ወዲያ ወዳጃ ሲሆን ደግሞ እኛ ልጆቹ መንዙማውን ለመስማት ከደጁ እንኮለኮላለን። ዱዓው ሲደረግ እኛም እጃችንን እንዘረጋለን።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን በ2002፣ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. የሆነው ነው። የእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በእነዚያ ሦስት ክረምቶች የረመዳን ጾም ከፍልሰታ ጋር ተገጣጠመ። ያን ጊዜ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርሁ። በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ሐይቅ ስሄድ ሰፈሩ ቀኑን በሙሉ ዝም ብሏል፤ የቀኑ ቡና የለም። ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ሲወጣ ክርስቲያኑ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙስሊሙ ይገድፋል። ያኔ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ጎረቤታሞቹን በድስት የሚለያያቸው ሥጋ ነው። በፍልሰታ በክርስቲያኑ ቤት ሥጋ የለም፤ ስለዚህ በምስር የተሠራ ሳምቡሳ በአጥሩ ላይ ወዲህ ይሻገራል፤ የሽሮ ፍትፍት ወዲያ ይሻገራል። ድግስ የለየውን ጾም አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጠው። ይህን የመሰለ ነሐሴ ሦስት ክረምት መጥቶ ሄደ። በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ እንደማይገባ ግን እርግጠኛ ነበርሁ፤ ስለዚህ እዚህ አስገባሁት።

የአያቴ አቆጣጠር

አያቴ ዓመተ ምሕረት አትቆጥርም። የተወለደችው «ጣሊያን በወጣ ክረምት» ነው፤ እኛ ስናሰላው 1933 ዓ.ም. ይሆናል። አክስቴ የተወለደችው «በሩፋኤል ዝናብ፣ ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ» ነው። ጳጉሜ 3 ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ስለሆነ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይታጠቡበታል፤ የቤቱ ልጆች በሙሉ ከደጅ ሆነው ሲንጫጩ አክስቴ ከውስጥ ተወለደች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን የወረዱት ከቀናት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በአያቴ ቤት ግን ከሁለቱ ዋናው ዝናቡ ነው። የንጉሡ መውረድ ምልክት ማድረጊያ ብቻ ሆኗል።

ታናሹ አጎቴ የተወለደው ደግሞ «ቆሮሶው በገባ ዓመት» ነው። ይህን ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። ቆሮሶ ለሐይቁ ጥንታዊ ዓሣ አይደለም፤ የቀድሞው አምባዛ ነው። ቆሮሶ በሰው እጅ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሳይንቲስቶች ይህን በጥናታቸው መዝግበውታል። አያቴም መዝግባዋለች፤ የእርሷ መዝገብ አጎቴ ነው። ዓሣው ከገባ በኋላ ውኃው እንደ ዱሮው ጥርት ያለ እንዳልሆነ ጥናቶቹ ይናገራሉ። አያቴም «ዱሮ ውኃው ውስጥ የወደቀ መርፌ ይታይ ነበር» ትላለች። መርፌው የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ከተመራማሪዎቹ ቃል ጋር ይስማማል። ይህ ዓሣ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። በልጅነታችን በዘይት የተጠበሰ ቆሮሶ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲሰጠን ከክረምቱ ተድላ አንዱ እርሱ ነበር። አንዱ ደስታ ሲመጣ ሌላው እንደሚሄድም ሐይቁ በዚሁ አስተምሮናል፤ ዓሣው በዛ፣ ጥራቱ ሄደ።

እንግዲህ በዚህ አቆጣጠር ውስጥ የማይነገር አንድ ክፍት ቦታ አለ። አያቴ ከ1964 እስከ 1966 ዓ.ም. ያሉትን ዓመታት ስትቆጥር ከአክስቴ ልደት በቀር ዝም ትላለች። የወሎ ረኀብ የገባው በእነዚያ ዓመታት ነው። ዝናቡ ተዛባ፤ በልጉም ክረምቱም ከዳ። የተራበው ሰው በደሴና በወልድያ መንገድ ዳር ተሰልፎ የሚያልፈውን መኪና ይለምን ነበር። በ1965 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም አወቀ። ያ ረኀብ ለዘውዱ መውደቅ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ስለ ክረምት ደስታ የሚጽፍ ሰው ይህን ካልጨመረ ዋሽቷል። ክረምት በደኅናው ጊዜ እንኳ ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት ነው፤ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት። ንፍሮው የሚጣፍጠው፣ እሸቱ የሚናፈቀው፣ ጎመኑ የሚመሰገነው ለዚህ ነው። የክረምት ደስታ የጥጋብ ደስታ አይደለም፤ የተስፋ ደስታ ነው። ዝናቡ ሲመታ ቤተሰቡ በአንድ ልብ የሚሰማው ድምፅ «ዘንድሮ ይበላል» የሚል ነው። ያ ድምፅ የጠፋበትን ክረምት ያየ ሰው፣ ኋላ ልጆች በጎርፍ ሲጫወቱ ዓይቶ ለምን ዕንባ እንደሚመጣው ያኔ ይገባናል። አያቴ በዝናብ ስንጫወት ተቆጥታን አታውቅም። ልብሳችን ቢበላሽ «አብሽሩ» ብላ ታልፈው ነበር።

በሩ ሲከፈት

ክረምት ቤቱን የሚዘጋበት ጉልበት ቀስ በቀስ ቀንሷል። መጀመሪያ መንገዱ መጣ። ፋሺስት ኢጣሊያ በአምስቱ ዓመት ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል እስከ አሥመራ የዘረጋችው መንገድ በሐይቅ ያልፋል፤ በጭቃ የሚቆም መኪና እየቀነሰ ሄደ። ኋላ አስፋልቱ፣ መብራቱ፣ ስልኩ ተከተሉ። ዛሬ በሐይቅ ያለ ልጅ በነሐሴ ማታ ከእንቆቅልሽ ይልቅ ስልኩን ሊመርጥ ይችላል። በዚህ የሚቆጩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ብዙም አይደለሁም። በክረምት ሌሊት ምጥ የተያዘች ሴት ዛሬ አምቡላንስ ልትጠራ ትችላለች። ዱሮ የሞላ ወንዝ ከወላዷና ከሐኪሙ መካከል ይቆም ነበር። የተዘጋ በር ሁልጊዜ በረከት አልነበረም።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ከላይ የዘረዘርኋቸው ጦርነቶች ቢያንስ ለክረምት ያጎነብሱ ነበር። በእኛ ዘመን ይህ ደንብ ፈረሰ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ገፍቶ ተፈናቃዩ ሕዝብ በዝናብ ወደ ደሴና ወደ አካባቢዋ ጎረፈ፤ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሐይቅም አምባሰልም የጦርነቱ ምድር ሆኑ። ፋታ ተገኘ ሲባል በቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና የተጫረው ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ፍልሰታ ከተፈታ በሁለተኛው ቀን። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተነሣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሦስት ክረምት በተከታታይ! አንድ ጊዜ ረመዳንና ፍልሰታ ሦስት ክረምት ገጥመው ነበር ብያለሁ። የሐይቅ ልጆች ዕድሜያቸውን ወደፊት በየትኞቹ ሦስት ክረምቶች ይቆጥሩ ይሆን?

በእነዚያ የጦርነት ክረምቶች የሐይቅ ዘመዶቼን በስልክ ሳነጋግር አንድ ነገር አስተዋልሁ። ጦሩ የት እንደደረሰ የምጠይቀው እኔ ነበርሁ፤ እነርሱ የሚነግሩኝ ግን ስለ አረሙ፣ ስለ ጤፉ፣ ከአጥሩ ወዲያ ስለ ተወለደው ሕፃን ነበር። መጀመሪያ ፍርሃት ያፈናቸው መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን የቤቱን ታሪክ የበጋው ታሪክ እንዳይውጠው እየጠበቁት ነበር። ሕፃኑ የተወለደበትን ቀን የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል፤ ጦሩማ ብዙ ጸሐፊ አለው።

የታሪክ ምሁራን ስለ ውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛውና በጣሊያንኛው ቅጂ መካከል ስለ ነበረው የአንድ ቃል ልዩነት መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ይገባዋልም። ከውጫሌ ብዙ ሳይርቅ በዚያው 1881 ክረምት ማን ከማን ጋር ታርቆ፣ ማን ወልዶ፣ ማን የመጀመሪያዋን እሸት ቀምሶ እንደ ነበር ግን የሚነግረን የለም። ያ ትውልድ ሄዷል። ይኸኛው ገና አለ።

እኔ የአያቴን አቆጣጠር በደብተር ይዤዋለሁ፤ ሠላሳ ሁለት ልደት፣ አሥራ ዘጠኝ ሞት፣ ሰባት ታላላቅ እርቅ፣ ሁሉም ከነክረምታቸው። አንባቢም አዛውንት ዘመድ ካለው በዚህ ክረምት ይጠይቅ። ዓመተ ምሕረቱን አይጠይቅ፤ አያገኘውም። «ያኔ ዝናቡ እንዴት ነበር?» ብሎ ይጀምር። ከዝናቡ ጋር ሌላው ሁሉ ይመጣል።